ስምንተኛ ክፍልን ድገሚ

ልጄ ወደ አሥራ አራት ዓመቷ ስትጠጋ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት፣ ከአባቷ ደግሞ በአራት ጣት ትረዝም ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ በቤተ ክርስቲያናችን ቁመቷን አይቶ ደስ ያለው ሰው አላስታውስም። ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ከበው «ይቺን ደግሞ ማን ያገባታል?» እያሉ እሷው ፊት ይስቁ ነበር። አማርኛ የማይገባት ይመስላቸዋል። እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል ትሰማ ነበር፤ ትከሻዋን አጉብጣ መሄድ የለመደችው ያኔ ነው። የምትጫወትበት የቅርጫት ኳስ ክለብ ዋንጫ በልቶ ፎቶዋ በየስልኩ ከዞረ በኋላ እነዚያው ሴቶች «ድሮም ታስታውቅ ነበር» አሉኝ። ፈገግ ብዬ አመሰገንኳቸው። ሰውን መናቅ በፈገግታ እንደሚጀመር ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። እኔ ሌክውድ አንድ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፤ አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ሁለታችንም ስለ ባስኬት የምናውቀው ነገር አልነበረም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ሰፈራችን ያለው የስፖርት ማዘውተሪያ፣ ሬክ ሴንተር፣ ትቆይ ነበር፤ እዚያ ከወንዶች ጋር ስትጫወት አንድ የክለብ አሰልጣኝ አይቶ ወሰዳት። ታሪኩ ይኸው ነው። በኋላ ሰዎች ሲያወሩት ግን የሁሉም ሰው እጅ ነበረበት።

ከሁሉ በላይ እጁን ያስገባው አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ሥራው ቤት ማሻሻጥ ነው፤ ሁልጊዜ ሱፍ ይለብሳል፣ ሲያወራ ከሚያናግረው ሰው ትከሻ በላይ የተሻለ ሰው ይፈልጋል። ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ በር ስንገባ ስንወጣ ባለቤቴን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ዋንጫው በተበላ በሳምንቱ እሑድ ግን ክንዱን ባለቤቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ መጣና፣ ከዴንቨር በስተደቡብ ካለ አንድ ትልቅ ፕሪፕ ስኩል፣ ማለትም ለኮሌጅ ከሚያዘጋጅ የግል ትምህርት ቤት ጋር ቅርበት እንዳለው፣ የልጃችንን ቪዲዮ እንዳሳያቸው፣ ሰዎቹም ሊያዩዋት እንደጓጉ ነገረን። ፈቃድ የጠየቀን የለም። «እኛ» እያለ ነው የሚያወራው፤ «እኛ ይህን ዕድል ማሳለፍ የለብንም፣ እህቴ» አለኝ። ልጄን የወለድኩት ከእሱ ጋር ይመስል።

ቤታችን መጥቶ ምሳ በላ። አውሮራ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ፐብሊክ ስኩሉ፣ ለልጅ እንደማይሆን፣ እዚያ የሚማሩት ምን ዓይነት ልጆች እንደሆኑ፣ አስተማሪዎቹም ተስፋ የቆረጡ መሆናቸውን እየጎረሰ ዘረዘረልን። ባለቤቴ ወጥ ይጨምርለታል፣ እሱ ይዘረዝራል። የራሱ ወንድ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል እንደሚማር አውቃለሁ፤ ግን አፌን ያዝኩ። እንግዳ ነው ብዬ አይደለም። የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ፈልጌ ነው።

በዚያው ሳምንት የፐብሊክ ስኩሉ አሰልጣኝም መጣ። እንደ ቤት አሻሻጩ የተኮፈሰ አይደለም፤ የስፖርት ሱሪ የለበሰ፣ ጫማውን በር ላይ ያወለቀ፣ ወፍራም አሜሪካዊ ነው። በልጄ ልክ የተሠራ ቲሸርት ይዞልን መጣ። ስለ ማኅበረሰብ አወራልን። ልጆች ባደጉበት ሰፈር መጫወት እንዳለባቸው፣ ሀብታሞቹ የሰፈራችንን ልጆች እየመረጡ እንደሚወስዱብን ተናገረ። ደስ ይል ነበር። ከዚያ እኔ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ኪንደርጋርተን ስትገባ በሞላሁት ፎርም ላይ የቤት ቋንቋችን አማርኛ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት፣ እዚሁ የተወለደችውን ልጅ እንግሊዝኛ ለማያውቁ ልጆች የተከፈተ ክፍል ውስጥ ከተቷት። በየዓመቱ ይፈትኗታል። ጽሑፉንና ንባቡን ታልፋለች፤ ንግግሩ ላይ ትወድቃለች፤ የማታውቀው ሰው ፊት ስለማታወራ ነው። ስትተኛ በእንግሊዝኛ የምትቃዥ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ይዤ ቢሮ ተመላለስኩ፤ ተራ ያዢ ይሉኛል፣ እይዛለሁ፣ ኃላፊዋ የለችም ይሉኛል። አሰልጣኙን የጠየቅኩት ይህንን ነው፤ ሃይ ስኩል ስትገባም እዚያው ክፍል ትቀጥላለች ወይ አልኩት።

ሰውየው የልጄን ግራ እጅ ያውቃል፤ ኳስ ስትወረውር የትኛው ጉልበቷ ቀድሞ እንደሚታጠፍ ያውቃል። ይህንን ግን ሰምቶ አያውቅም። የቢሮ ጉዳይ ነው፣ እሱ እዚያ ውስጥ እንደማይገባ፣ ግን እሱ ራሱ ሁሌም ከጎኗ እንደሚሆን ነገረኝና ቲሸርቱን ሶፋው ላይ ትቶ ሄደ። ማኅበረሰብ ያለው ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ፕሪፕ ስኩሉን ልናይ የሄድነው ማክሰኞ ቀን ነው። ሁለታችንም ከሥራ ፈቃድ ወሰድን። ባለቤቴ ለአክስቱ ልጅ ሠርግ የገዛውን ሱፍ ለበሰ። የቤት አሻሻጩ ሰውዬ መኪና ውስጥ ገባንና፣ መንገዱን ሁሉ እዚያ ስንደርስ ምን ማለት እንዳለብን አስጠናን። እኔ በተለይ ብዙ እንዳልጠይቅ ነገረኝ።

ግቢው ያምራል፤ አልዋሽም። የሣሩ ሜዳ ብቻ የእኛን ሰፈር ያህላል። የምዝገባ ኃላፊዋ በራፍ ላይ ተቀበለችን፤ ጥርሷ እንጂ ዓይኗ የማይስቅ ሴት ናት። ቤተ መጻሕፍቱን፣ የሥዕል ክፍሉን፣ የሳይንስ ክፍሎቹን አሳየችን። ፊዚክስ ላቦራቶሪው ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ገባና ቀረ። ወጥቶ ይመጣል ብለን ሄድን፤ አልመጣም። ጂምናዝየሙ ውስጥ የተገኘነው እኔ፣ ልጄና ያ ሰውዬ ነን።

አሰልጣኟ እዚያ ትጠብቀን ነበር። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሽበት የጀመራት፣ ረጅም ሴት ናት። ልጄን ጨበጠቻት፣ እኔን ጨበጠችኝ፣ ከዚያ ከኪሷ ሜትር አወጣች። ልጄን ግድግዳ አስደግፋ እጆቿን ወደ ጎንና ጎን አስዘረጋቻትና ከጣት እስከ ጣት ለካቻት። መዳፏን ለካች። የእግሯን ቁጥር ጠየቀች። አንድ ወጣት ረዳት ታብሌት ላይ ይጽፋል። ልጄ ዓይኗን ቅርጫቱ ላይ ተክላ ቆመች። እኔ በሥራዬ የሰው ገላ ስነካ «አሁን ክንድሽን ላነሳ ነው» ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ የማይሰሙኝ ሕሙማን እንኳን ቢሆኑ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቁመቴን ጠየቀችኝ፤ የወንድሞቼን፣ የአባቷን እናት ቁመት ጠየቀችኝ። ቀጥላም ልጄ የወር አበባ ማየት ጀምራ እንደሆነ፣ ከጀመረች መቼ እንደጀመረች፣ እኔ ደግሞ በስንት ዓመቴ እንደጀመርኩ ጠየቀች። ምን ያህል ገና እንደምታድግ ከዚያ ይገመታል አለች። ያ ሰውዬ እንግሊዝኛው ያልገባኝ መስሎት ለመተርጎም ተሽቀዳደመ። ቃሉ ግን አፉ ላይ ተያዘ። ወለሉን እያየ «የ… የወር ነገሯን ነው የምትጠይቅሽ» አለኝ።

«እኔም ሥራ ቦታ ይህን እጠይቃለሁ» አልኳት ሴትየዋን፣ በእንግሊዝኛ። «በሩን ዘግቼ ነው የምጠይቀው።»

አልደነገጠችም። ልክ ነሽ አለችና ለረዳቷ ቦታውን ባዶ እንዲተወው ነገረችው። ሰውየው ነው በእኔ ያፈረው። ቀስ ብሎ፣ እነዚህ ሰዎች ጋ እንዲህ አይባልም አለኝ። የስልሳ ሰው ሽንት የማጥብ ሴት ነኝ፤ እሱ በምን እንዳፈረ ሳይ ልተፋበት ነበር፣ ወለሉ ንጹሕ ሆነብኝ።

ቢሮ ስንገባ ባለቤቴም መጣ። የምዝገባ ኃላፊዋ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጧት ተናገረች። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጄ ስምንተኛን ጨርሳ ስትመጣ ዘጠነኛ አትገባም፤ ስምንተኛ ክፍልን እነሱ ጋ ትደግማለች። በስፖርቱ የተለመደ ነው አለች። ልጅ አንድ ዓመት ስትደግም ከምትጋጠማቸው ልጆች በዕድሜ ትበልጣለች፣ ትጠነክራለች፣ ኮሌጆች ሲያዩዋት ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። «የአንድ ዓመት ስጦታ» ብላ ጠራችው።

የልጄ የሪፖርት ካርድ ፊቷ ተዘርግቷል። ሒሳብ ኤ፣ ሳይንስ ኤ። ለሁለተኛ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ገብታ ምን ትማራለች ብዬ ጠየቅኳት። ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና «በራስ መተማመን» አለች።

ልንወጣ ስንል ኃላፊዋ ወደ ሰውየው ጠጋ ብላ፣ የወንድ ልጁ ማመልከቻ አሁንም እንዳልተወሰነና እንዳልረሱት በሹክሹክታ ነገረችው። የእሷ ሹክሹክታ የእኛን ጩኸት ያህላል። ሰውየው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። እስከ ቤታችን ድረስ ከልጄ ቪዲዮ ሌላ ነገር አላወራም።

ባለቤቴ ግን ተማርኮ ነበር የመጣው። የትምህርት ቤቱን ስም የያዘ ኮፍያ ሰጥተውታል፤ በማግስቱ ሻትሉን ያንን አድርጎ ነዳ። ቤት ውስጥም ያደርገዋል። አንድ ዓመት ምን አላት አለኝ። በሰው ዕድሜ ውስጥ አንድ ዓመት ምንም አይደለም፣ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መሣሪያ አለው፣ እሱ ሲያስተምር ለስልሳ ልጅ አንድ የተሰበረ ሚዛን ነበረው አለኝ። እኔ ደግሞ አላዘንኩለትም። «አንተ ነህ መማር የፈለግከው፤ ሂድና አንተ ድገም» አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና መኝታ ቤት ገባ። ያን ቃል አሁን ብመልሰው ደስ ይለኛል። ያኔ ግን ከሁሉም ጋር አንድ ላይ ጠቅልዬ ንቄው ነበር።

ከዚህ የባሰውን ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ እየተጠጣ ሳለ ሰውየው ማይክ ያዘ። «ልጃችን» ወደ ታላቅ ትምህርት ቤት መግባቷን ለምእመናኑ አበሰረ። እኛ እሺም እምቢም አላልንም ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እልልታም ነበር። ልጄ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። እኔ ምን አደረግኩ? ተነሳሁና እጅ ነሳሁ። ማን ያገባታል ላሉት ሴቶች ጭምር አንገቴን ሰበርኩላቸው። ስቀመጥ ልጄ አላየችኝም፤ ሻይዋ ውስጥ ያለውን ስኳር ታማስል ነበር።

ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬ ልገዛ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ልወርድ ስል ነው አፏን የከፈተችው።

«ማሚ፣ ሰው ሁሉ ያወራል፤ ኖባዲ አስክድ ሚ» አለች።

እውነቷን ነው። እኔም አልጠየቅኳትም። በሌሎቹ ስናደድ ሦስት ሳምንት አልፎ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ አላውቅም። እዚያው መኪና ውስጥ ጠየቅኳት። ትምህርት ቤቱን እንደወደደችው ነገረችኝ። ቤተ መጻሕፍቱን ወዳዋለች፤ ጂሙንም ወዳዋለች፤ ሴትየዋ ስትለካት ግን ስጋ ቤት የተሰቀለች መሰላት። ስምንተኛን መድገም አትፈልግም። ሰነፍ ናት ብለው ለስምንት ዓመት የማትፈልገው ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋታል፤ አሁን ደግሞ ጎበዝ ናት ብለው ወደ ኋላ ሊያስቀሯት ነው። ይህን ሁሉ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ተናገረች፤ እኔ እዚህ በአንድ ቋንቋ አስተካክዬ ጻፍኩት እንጂ።

ከዚያ ሁለት ኢሜይል እንደምትጽፍ ነገረችኝ። እኔ እንዳላርምላት ለመነችኝ። አላረምኩም።

የመጀመሪያው ለፕሪፕ ስኩሉ አሰልጣኝ ነው። ብመጣ ደስ ይለኛል፣ የምገባው ግን ዘጠነኛ ክፍል ነው ብላ ጻፈችላት። መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። «ዘጠነኛ ክፍል ቦታ የለኝም። የምፈልገው በዕድሜ የምትበልጥ ተጫዋች ነው፤ የበለጠ የተማረች አይደለም። በግልጽ ስለጠየቅሽኝ በግልጽ መለስኩልሽ፤ ይቅርታ።» ልጄ አንብባ ሳቀች። እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሜትር ያወጣችውን ሴት መቼም አልወዳትም፤ ሆኖም በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል ያልዋሸችን እሷ ብቻ ናት። ይህንን መቀበል ከምንም በላይ አስቸገረኝ።

ሁለተኛው ለፐብሊክ ስኩሉ አሰልጣኝ ነው። እመጣለሁ፣ የመጀመሪያው ቀን የእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ክፍል ውስጥ ካስገባችሁኝ ግን አልጫወትም፣ ሌላ ትምህርት ቤት እፈልጋለሁ አለችው። የቢሮ ጉዳይ ነው ያለኝ ሰው በሦስተኛው ቀን ደወለ። የለችም ሲሉኝ የኖሩት የቢሮዋ ኃላፊ ተገኝታለች። ፈተናው እንደገና ይሰጣት ተብሏል፤ ፈታኟም የምታውቃት የድሮ አስተማሪዋ ትሆናለች። አለፈች። እኔ ሁለት ዓመት ተራ ይዤ ያላገኘሁትን፣ ኳስ ከቅርጫት ሥር ስለምትነጥቅ በሦስት ቀን አገኘችው። ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁና ወዲያው ደስታዬ አስጠላኝ። እዚያው ክፍል አጠገቧ የምትቀመጥ ሶማሌ ልጅ ነበረች፤ አጭር ናት፣ ኳስ አትጫወትም። እኔ እስከማውቀው እስከ አሥረኛ ክፍል እዚያው ነበረች።

ሰውየው የወሰነችውን ሲሰማ በስልክ፣ ለልጅ እንዲህ ዓይነት ውሳኔ እንዴት ይተዋል ብሎ ባለቤቴን ቆጣው። ባለቤቴ ረጋ ብሎ አዳመጠውና «የልጅህ ማመልከቻ እንዴት ሆነ?» አለው። ከማውቀው ዘመን ሁሉ ባሌን ያን ቀን አብልጬ ወደድኩት። ሰውየው በወሩ ከእኛ በታች ያለ አፓርትመንት ውስጥ ሌላ ረጅም ልጅ አገኘ። ወላጆቿ ለመድገሙ እሺ አሉ። እሑድ እሑድ አሁን ክንዱ የዚያች ልጅ አባት ትከሻ ላይ ነው፤ እኛን ልክ እንደ ድሮው ሳያየን ያልፋል። አልተጎዳንም።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በውድድር ተገናኙ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እነሱ በሃያ ነጥብ አሸነፉን፤ የልጄ ቡድን ገና ከጅምሩ ነው ያለቀለት። እሷ ብቻዋን ደህና ተጫወተች። አሰልጣኟ በመጨረሻ ልጄን ጨበጠቻትና ከዚህ በላይ ታድጊያለሽ ብዬ ገምቼ ነበር አለቻት። ልጄ ከተለካችበት ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንዲት ኢንች እንኳን አልጨመረችም። ያ ሰውዬ በማዶው በኩል ተቀምጦ ነበር። ሲወጣ ወደ እኛ መጣና፣ ሰምታችሁኝ ቢሆን ዛሬ የምትስቁት እናንተ ነበራችሁ አለን። እኔ እጄን በኪሴ ከትቼ ከትከሻው በላይ ሌላ ሰው ፈለግኩ።

ስንመለስ ልጄ ስለራባት ሃቫና ላይ ካለው የኮርያ ዶሮ ቤት ገባን። ባለቤቴ ሥራ ነበረው፤ ሁለታችን ብቻ ነን። ተሸንፋ እንደዚያ የምትበላ ሰው አይቼ አላውቅም። እየበላች፣ ያቺ በሰውየው የተወሰደችው ልጅ ከእሷ በዓመት ተኩል እንደምትበልጥና ዛሬ ለጨዋታው የመጣችው ራሷ እየነዳች እንደሆነ ነገረችኝ። «ሺ ድሮቭ ኸርሰልፍ፣ ማሚ። አሥረኛ ክፍል ሆና።» ቅናት ይሁን ሳቅ ድምጿ ውስጥ መለየት አቃተኝ። ጠየቅኳት፤ ተቆጭተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ላቦራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት ማጣቷ ይቆጫታል፤ ሌላው አይቆጫትም። ሰኞ የኬሚስትሪ ፈተና አላት፤ አንዱን መጽሐፍ ሦስት ልጅ ይካፈለዋል።

የመኪና መለማመጃ ፈቃድ አውጥታ ነበር። ስንወጣ ልንዳ አለችኝ። ቁልፉን ሰጠኋት። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋችው፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ እኔ ጎኗ ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ።